አንዷ ዓለም መች አነሰችን?

እኛ በዘመናችን አንዲት ዓለም ብቻ ነበረችን፤ እሷም ትበዛብን ነበር። ቀኑን ሙሉ ስታንከራትተን ውላ ማታ ጫማችንን ስናወልቅ፣ "ተመስገን፣ ዛሬንም ተገላገልናት" ብለን እንተኛለን። የዛሬ ልጆች ግን አንደኛዋን ኖረው ሳይጨርሱ ሁለተኛ ይሠራሉ። አዲስ ቢሠሩ እንኳ ምን ነበረበት! መብራት የማይጠፋበት፣ ውሃ በፈረቃ የማይመጣበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት የማይጣላበት አገር ቢሠሩ እኔም ምርኩዜን ጥዬ አጨበጭብላቸው ነበር። የለም! እነሱ ይችኑ ያለችውን ዓለም ከነጉድጓዷ፣ ከነአጥሯ፣ ከዘመመው የመብራት ምሰሶዋ ጋር ገልብጠው ኮምፒውተር ውስጥ ያስገቧታል። ከዚያ ፊት የሚሸፍን መነጽር ያጠልቁልኝና "አባባ፣ ይግቡ!" ይሉኛል። ወዴት ነው የምገባው? እስካሁን የት ሆኜ ነው የከረምኩት?

ነገሩ ሳይገባው ነው የሚያማርረው እንዳትሉኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በቅየሳ ሥራ ነው። ቴዎዶላይት በትከሻዬ ተሸክሜ ስንት ዳገት ወጥቻለሁ። ቀን የተከልኩትን ችካል ሌሊት ነቅሎ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ካስጠጋ በኋላ፣ ጠዋት "እግዜር ምስክሬ ነው፣ እዚሁ ነበር" ብሎ የሚምልልኝ ሰው ስንቱ ነው! ቦታን ለክቶ ወረቀት ላይ ማስፈር ምን እንደሆነ የሚያስተምረኝ የለም። ስለዚህ የማማረር መብቴ የተጠበቀ ነው። ዓመቶቹን ግን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ጥፋቱ የእነሱ ስለሆነ ቁጥሩም የእነሱ ይሁን።

ከእግር ልጀምር። በ2021 የፌስቡክ ኩባንያ ስሙን "ሜታ" ብሎ ቀየረና፣ ከእንግዲህ ሰው የሚሰበሰበውም የሚሠራውም የሚጫወተውም በዚህ በምናብ ዓለም ነው አለ። በዓመቱ ይኸው ዓለም ለፈረንሳይና ለስፔን ተከፈተ ተባለ፤ የኩባንያው አለቃ ማርክ ዙከርበርግም ፎቶውን ለቀቀ። ከጀርባው የፓሪሱ አይፍል ታወርና አንድ የባርሴሎና ቤተ ክርስቲያን አንድ ሜዳ ላይ ቆመዋል። ዓለም በሳቅ ፈረሰ። ሥራውን የያዘው የኩባንያው ክፍል በዚያው በ2022 ብቻ ከ13 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ይህ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰለት ሕዝብ ደግሞ እግር አልነበረውም! ከወገቡ በላይ ብቻ ሆኖ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ምነው ሲባሉ፣ መነጽሩ ጭንቅላትንና እጅን እንጂ ወደ ታች ወርዶ እግርን አያይም አሉ። ጥቂት ወራት ቆይቶ በትልቅ ጉባኤ ላይ "እግር ሊመጣ ነው" ተብሎ ተበሰረ። እልልታው ቀረ እንጂ! እግር የሌለው ሰው ለቅሶ አይደርስ፣ ሠርግ ላይ አይጨፍር፣ አበዳሪውን ሲያይ በጓሮ አይሾልክ። ይህንን ነው እንግዲህ ኑሮ የሚሉት።

በሽታው በእነሱ አልተጀመረም። በ2003 ሊንደን ላብ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ "ሰከንድ ላይፍ" የሚባል ዓለም ከፍቶ ነበር። ሰው ገብቶ ቤት ሠራበት፣ ሱቅ ከፈተበት፣ ተጋባበት። ይህ አልበቃ ብሎ በ2007 ማልዲቭስ እዚያ ውስጥ ኤምባሲ ከፈተች፤ ስዊድንም ወዲያው ተከተለች። የስዊድኑ ኤምባሲ ዋሽንግተን ከተማ ያለውን የስዊድን ቤት አስመስሎ የተሠራ ነበር። የመረቀውም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ካርል ቢልት ነው። ሰልፍ የለ፣ ፍተሻ የለ፣ የጣት አሻራ የለ፣ በመስኮት አሻግራ "ነገ ይመለሱ" የምትል ልጅ የለች። ቪዛም የለ! ስለ ስዊድን ይነገርህና ትሸኝ ነበር። ቪዛ የማይሰጥ ኤምባሲ ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ብርቅ የሆነብን ሳያስከፍል መከልከሉ ነው።

ዴንማርኮች ደግሞ ባሱ፤ አገራቸውን በሙሉ ገለበጧት። በ2014 የመንግሥት የካርታ መሥሪያ ቤታቸው፣ ማለትም የእኔው የሙያ ዘመዶች፣ ዴንማርክን ከነቤቷ ከነመንገዷ ማይንክራፍት በሚባለው ጨዋታ ውስጥ አንድ ለአንድ ሠሯት። በዚያ ጨዋታ ሁሉም ነገር የሚሠራው ከኩብ ነው፤ የአንዱ ኩብ ጎን አንድ ሜትር። ተማሪዎች ስለ አገራቸው ይማሩበት ተብሎ ነው። አንዲት ወረዳ በ1 ለ50,000 ለማስፈር ጫማ ስጨርስ ለኖርኩት ለእኔ፣ "አንድ ለአንድ" ሲሉ ስሰማ ያመመኝ ጉልበቴ ነው። በሩ ለሁሉም ክፍት ነበርና ብዙ ሳይቆይ አጥፊዎች ገቡ። ፈንጂ ተከልክሏል፤ ፈንጂ የጫነ ጋሪ መከልከል ግን ተረስቷል። ሕንጻ አፈራረሱ፤ በፍርስራሹ ላይ የአሜሪካ ባንዲራ ተከሉ።

ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ አንድ ነገር ከነከነኝ። የተረሳው ጋሪው ብቻ አይደለም። ዴንማርክ ስትገለበጥ መንገዱም ገብቷል፣ ቤቱም ገብቷል፣ ኮረብታውም ከነከፍታው ገብቷል። በረንዳ ላይ የተቀመጡት አሮጊት ግን አልገቡም። በእኛ ሰፈር ጥግ አንድ ወጠምሻ ፈንጂ በጋሪ እየገፋ ቢመጣ፣ ፖሊስ ሳይደርስ "አንተ! የማን ልጅ ነህ?" የሚሉት እናት አሉ። የማን ልጅ እንደሆንክ የምትጠየቅበት ቦታ ሰፈር ይባላል። የማትጠየቅበት ግን ባዶ ሜዳ ነው፤ መቶ ፎቅ ይቁምበት።

ፎቅ ካነሳሁ አይቀር የሜልቦርኑን ልንገራችሁ። በ2020 ማይክሮሶፍት አውሮፕላን የሚበርበት ጨዋታ አወጣ። ምድርን በሙሉ ከሳተላይትና ከአየር ፎቶ፣ ከነጻ ካርታም እየለቀመ፣ ቤቱን ሁሉ ማሽኑ ራሱ እንዲያቆመው ተደረገ። ታዲያ ፎክነር በሚባል የሜልቦርን ጸጥተኛ ሰፈር፣ ከተራ ቤቶች መሀል አንድ ባለ 212 ፎቅ ማማ ተገትሮ ተገኘ። የዱባዩ ቡርጅ ኸሊፋ እንኳ 163 ነው! ሲጣራ፣ ማንም ገብቶ በሚጽፍበት በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ አንድ ሰው የፎቁን ብዛት 2 ሊል 212 ብሎ ኖሯል። ካርታው ቆይቶ ታርሟል፤ ማሽኑ ግን የቀድሞውን ይዞ ሄዷል። ለንደን ላይ ደግሞ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ተራ የቢሮ ሕንጻ ሆኖ ቆመ። ያኔ ንግሥት ትኖርበት የነበረውንና ጸሐፊ የሚያዛጋበትን ቤት ማሽን በጣሪያው ከየት አባቱ ይለየው! አብራሪ ነን ባዮቹ ማማውን ለማየት ጎረፉ፤ ይሳቁ፣ ደልቷቸዋል። በእኛ ሰፈር ወረቀት ላይ የገባች አንዲት የተሳሳተች አሃዝ ፎቅ አታቆምም፤ ያለውን ቤት ታስፈርሳለች እንጂ። እሷን ለማሳረም ደግሞ የሚመላለስ እግር ያስፈልጋል። ያንን ነው እንግዲህ ባለ 13 ቢሊዮኖቹ የረሱት።

ወደ መንገዱ እንውጣ። ጉግል በ2007 ጣሪያቸው ላይ ካሜራ የተተከለባቸው መኪኖች እያስነዳ ያነሳውን ጎዳና ለሰው ሁሉ ከፈተው። ቤትህ ተቀምጠህ የኒውዮርክን መንገድ ትሄድበታለህ። ደግ። ነገር ግን የመንገደኛው ፊት ሁሉ ደብዛዛ ነው። ሰዎች "ሳልፈቅድ ታየሁ" ብለው ስለተቆጡ ማሽኑ ፊት ባገኘ ቁጥር ያደበዝዛል። በ2010 ጀርመን ውስጥ ወደ 244,000 የሚጠጉ አባወራዎች "ቤታችንም ይደብዝዝልን" ብለው አመለከቱ፤ ተደበዘዘላቸው። ኤሰን በሚባል ከተማ ደግሞ በተደበዘዙት ቤቶች ላይ እንቁላል ተወረወረ። እንቁላል! አገሩ ቢጠግብ ነው እንጂ እኛ ዘንድ በዛሬው ዋጋ እንቁላል በማን ላይ ይወረወራል?

እኔ ግን ሁሉም ፊቱ በደበዘዘበት መንገድ ምን ብዬ ልለፍ? ከቤቴ እስከ ታክሲ መያዣው በሜትር ቢለካ ይህን ያህል አይደለም። ቢሆንም ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሻይ የምታፈላው ልጅ እናቷ ተሽሏቸው እንደሆነ ሳልጠይቃት አላልፍም። ሊስትሮው የማታውን ኳስ ሳይተነትንልኝ አይለቀኝም። የእድሩ ዳኛ የወር መዋጮዬን በዓይኑ ብቻ ያስታውሰኛል፤ ያኔ ፊቱ ደብዛዛ ቢሆንልኝ ባልጠላሁ። ቀያሽ ሆኜ ርቀት በሜትር እንደሚለካ ተማርኩ፤ ጡረታ ስወጣ ደግሞ ርቀት በሰላምታ እንደሚለካ ገባኝ። ይህንን የሚለካ መኪና እስካሁን አላየሁም።

መሬቱንስ ብትሉ? በ2020 "ኧርዝ 2" የሚባል መጣና የዓለምን ካርታ 10 ሜትር በ10 ሜትር እየሸነሸነ ይቸበችብ ጀመር። የሚሸጠው መሬቱ አይደለም፤ የመሬቱ ግልባጭ ነው። ሕገ መንግሥታችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እኔ ባለቤቱ ልሸጠው የማልችለውን ጓሮ ሲድኒ ያለ ጎረምሳ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በካርድ ቢከፍል የእኔ ነው ይላል። ካርታ የለ፣ ግብር የለ፣ የሊዝ ውዝፍ የለ። ከሁሉ የገረመኝ የወሰን ክርክር አለመኖሩ ነው። በሥራ ዘመኔ ያየሁት የመሬት ፍቅር ሁሉ የተገለጠው በክስ ነው። ወንድም ከወንድሙ ጋር ለአንድ ክንድ ድንበር ተካሶ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቃቅፎ ተላቅሶ፣ በማግስቱ ይግባኝ ይላል። መሬት እንዲህ ነው። ማንም ያልተጣላበትን መሬት በነጻም ቢሰጡኝ አልወስድም።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅኩ ነው የማማርረው። እነዚህ ገልባጮች ላሊበላ ሲደርሱ ግን ተቆጣሁ።

ሙያውን ላመስግን። የደቡብ አፍሪካው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ባለሙያዎች ላሊበላን በሌዘር ለክተዋል። መሣሪያው የብርሃን ጨረር ይለቃል፤ ጨረሩ ድንጋዩን ነክቶ ይመለሳል፤ ከተመለሰው ብርሃን ርቀቱ ይሰላል። እንዲህ እያለ እልፍ አእላፍ ነጥብ ይለቅማል። ከየአቅጣጫው የተለቀመው ነጥብ ሲጋጠም የቤተ ጊዮርጊስ የጣሪያው መስቀል፣ የመስኮቱ ቅርጽ፣ የግድግዳው ስንጥቅ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እኔ በቴዎዶላይትና በሜትር ልሥራው ብል ጡረታዬ እዚያው ያገኘኝ ነበር። ሥራው ይጠቅማል። እነዚያን በ1978 ዩኔስኮ የመዘገባቸውን 11 አብያተ ክርስቲያናት ዝናብና ፀሐይ እየበላቸው ነው። የትኛው ስንጥቅ ምን ያህል እንደሰፋ ለማወቅ ደግሞ የቀድሞ ልኬት ከሌለ ጠጋኙ በጭፍን ነው የሚሠራው።

ነገር ግን እንዲህ ዓይነቱ ነገር እኛ ሳሎን ሲደርስ ምን ሆነ? የልጅ ልጄ መነጽሩን አጠለቀችልኝና "አባባ፣ ላሊበላ ገቡ!" አለችኝ። ገባሁ። ከነጫማዬ! "ጫማዎን" የሚል የለ፣ ጫማ የሚጠብቅ የለ፣ መስቀል የሚያሳልም ካህን የለ። ደንግጬ ላወልቅ ጎንበስ ስል ከሳሎኑ ጠረጴዛ ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠምን። ቀና ብዬ አንድ እርምጃ ብራመድ በግድግዳው ውስጥ አለፍኩ። የዛጉዌ ጥበበኞች ከአንድ አለት ፈልፍለው ያወጡትን ግድግዳ እኔ ጡረተኛው ከነጫማዬ ሰንጥቄው ወጣሁ! እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ላሊበላ አይባልም። ላሊበላ ለገና በእግሩ ቀናት ተጉዞ የመጣው ሰው ነው፤ አቧራ የበላው ነጠላው ነው፤ ሌሊቱን መቋሚያ ተደግፎ መቆሙ ነው። ቁንጫዋስ? ላሊበላ ደርሼ መጣሁ የሚል ሰው ማስረጃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው።

በዚህ ቁጣ ብቻዬን አይደለሁም። ሳዑዲዎች በ2021 መገባደጃ በካዕባ ያለውን ጥቁሩን ድንጋይ በምናብ ዓለም ማየት የሚቻልበትን ሥራ ሲያስተዋውቁ፣ ሐጅ በዚህ መንገድ ይቆጠራል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሳ። የቱርክ የሃይማኖት ጉዳዮች መሥሪያ ቤት አይቆጠርም አለ፤ ለሐጅ የሰው እግር መሬት መርገጥ አለበት። ይኸው ነው! እኔ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ከአንካራ ሸሆች ጋር የተስማማሁት በእግር ጉዳይ ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል ግን የማልቃወመውንም ልናገር። በ2010 አንድሩ ታሎን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር የፓሪሱን የኖትርዳም ካቴድራል በሌዘር ለክቶ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነጥብ ሰበሰበ። በ2018 እሱ ሞተ፤ በ2019 ጣሪያው ነደደ። የሰውዬው ልኬት መልሰው ለሚሠሩት መሐንዲሶች ዋቢ ሆናቸው፤ በ2024 መጨረሻም ካቴድራሉ ተከፈተ። ያ ሰው ግልባጩን የሠራው ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ግልባጩ ውስጥ እንዲቀመጥ አይደለም። ቱቫሉም አለች፤ በሰላማዊ ውቅያኖስ መሀል ያለች የዘጠኝ ደሴቶች አገር። ባሕሩ ከፍ እያለ እየመጣባት ነው። በ2021 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሳይመን ኮፌ ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱ ድረስ ባሕር ውስጥ ቆሞ ለዓለም ተናገረ። በ2022 ደግሞ አገራችንን ኮምፒውተር ውስጥ እናስቀምጣለን፣ ቴ አፉዋሊኩ ከምትባለው ትንሽ ደሴት እንጀምራለን አለ። በዚህ ላይ ምላሴን ሰበሰብኩ። አገሩ እየተወሰደበት የሚገለብጥና አገሩ ሰልችቶት የሚገለብጥ እኩል አይደሉም።

ይህንን ብዬ ሳልጨርስ ነገሩ ወደ ራሴ ደጅ መጣ። በ2016 ዓ.ም. (ይህ የራሳችን ስለሆነ በራሳችን ቆጠርኩት) የአዲስ አበባዋ ፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በኮሪደር ልማቱ ተነሱ። ዶሮ ማነቂያም ሄደች። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ ደመቀ፣ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተበተነ። ታዲያ የልጅ ልጄና ጓደኞቿ አሮጌ ፎቶ ከየቤቱ እየለቀሙ የድሮዋን ፒያሳ ኮምፒውተር ውስጥ መሥራት ጀመሩ። ልጅቷ ያደገችው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ፒያሳን የምታውቃት በዓመት በዓል ኬክ ልትገዛ ስትወጣ ነው። "ያላዩት አገር አይናፍቅም" ይባል ነበር፤ ይኸው ተረቱ ተሻረ።

"ይህንን እኮ እኛ ያለ ኮምፒውተር ስንሠራው ኖረናል" አልኳት። ሰባራ ባቡር የሚባለው ሰፈር ሄደሽ ባቡሩን ፈልጊው፤ ስሙን ጥሎ ከሄደ ስንት ዘመኑ! አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚመራው በሌለ ነገር ነው፤ "ድሮ ወፍጮ ቤቱ የነበረበት ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ" ይባላል። እንግዳው ወፍጮ ቤቱን በዕድሜው አላየውም፤ ቢሆንም ይደርሳል። የሚደርሰው አቅጣጫው ትክክል ሆኖ እንዳይመስልሽ፤ በመንገዱ ላይ ሦስት ሰው ስለሚጠይቅ ነው። ሁለቱ ያሳስቱታል፣ ሦስተኛው እጁን ይዞ ያደርሰዋል።

እሷ ግን የፈለገችው ምክሬን ሳይሆን ምስክርነቴን ነው። "አባባ፣ ጥግ ላይ የነበረው ሱቅ በሩ ቀለሙ ምን ነበር?" አለችኝ። አረንጓዴ አልኳት። ለማረጋገጥ የድሮ ጎረቤቴ ሻምበሉ ዘንድ ተደወለ፤ ሰማያዊ አለ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሲጠየቅ በር የሚባል ነገር አልነበረውም፣ የሸራ መጋረጃ ነበር አለ። በስልክ እንዲህ ያለ ነገር አይፈታምና ሁለቱም ቤታችን ተጠሩ። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ አንዱ ገላን ገብቷል፣ አንዱ ጀሞ ነው፤ ከአንድ ቀብር በቀር ተያይተን አናውቅም። ያን ቀን ስንጨቃጨቅ መሸ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጡ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ደንብ ሆኗል። ባለቤቴ ሦስተኛውን ጀበና ስትጥድ፣ "ለሌለ ሱቅ በር ያለ ቡናዬ አለቀ" ትላለች። እውነቷን ነው፤ ኪሎው ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ።

ልጅቷ በመጨረሻ ሰልችቷት ይሁን አዝናልን፣ አንድ ቁልፍ ሠራች። ስትጫነው በሩ አረንጓዴ ይሆናል፤ ደግማ ስትጫነው ሰማያዊ፤ በሦስተኛው የሸራ መጋረጃ። "ሁላችሁም ትክክል ናችሁ" አለችን በፈገግታ። ሦስታችንም በአንድ አፍ ጮህን። ሁሉም ትክክል ከሆነማ ለምን መጣን? ከገላን ድረስ ሁለት ታክሲ ተቀይሮ የተመጣው ትክክል ነህ ለመባል ነው? የሽማግሌ ክርክር በቁልፍ ሲፈታ እኔ የመጀመሪያዬ ነው። ቁልፉ እንዲነሳ በሙሉ ድምፅ ወሰንን። በዚህች ፒያሳ ጉዳይ እስካሁን የተስማማነው በዚሁ ብቻ ነው።

ከዚያ ሰዎቹን አሳየችን። ሰው አስገብታለች ለካ! ኮት የለበሱ፣ ነጠላ ያጣፉ፣ ጋዜጣ የያዙ። አስፋልቱ ላይ ሽር ሽር ይላሉ፤ እግርም አላቸው፤ ይህቺ ልጅ ከሜታ ትሻላለች። ግን አጠገባቸው ስትደርስ ዝም ብለው ያልፉሃል።

"እነዚህ የፒያሳ ሰዎች አይደሉም" አልኳት። "የፒያሳ ሰው ሳያስቆምሽ አያሳልፍሽም።"

"አስቁመው ምን ይበሉ አባባ?"

"የማን ልጅ ነሽ? ይበሉ። ስትመልሺላቸው፣ አያትሽን አውቃቸዋለሁ ይበሉ። ከዚያ ስለ አያትሽ መስማት የማይገባሽን ይንገሩሽ።"

"የማይገባኝን ከየት አምጥቼ ልጻፈው?"

ሻምበሉ ወንበሩን አስጠጋ። ልብስ ሰፊው መነጽሩን ጠረገ። እኔ ወሬ ለማስቀየር ስቸኩል፣ "በመጀመሪያ ባለሱቁን አስገቢው" አልኩ። "ባንኮኒው ላይ የዱቤ መዝገብ ይኑረው፤ ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ የተበላ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስም በውስጡ ይጻፍ። ዱቤ የሌለበትን ሱቅ ሱቅ አልለውም። አንድ ሰው ብር ሳይኖረው ገብቶ ስኳር ይዞ ከወጣ ያ ሱቅ ያውቀዋል ማለት ነው። ያንን ያስገባሽልኝ ዕለት መነጽሩን ራሴ አጠልቃለሁ።"

ሐሳቡን ወደደችው። ወዲያው መዝገቡን ሠርታ ገጹን ከፈተችና የመጀመሪያውን መስመር በእኔ ስም ጀመረች። "ስንት ልጻፍብዎት አባባ?"

አፌን ሳልከፍት ሻምበሉ ቁጥር ጠራ። ከነሳንቲሙ! ያ ዕዳ የእኔ አይደለም፤ የራሱ ነው። ያን ጊዜ ደመወዝ እስኪወጣ ብሎ በእኔ ስም ያስጻፈው ሲጋራ ነው። ልብስ ሰፊው ምስክር ሁን ሲባል፣ ለእሱም ያልተከፈለ የኮት ስፌት ዕዳ ሁለታችንም እንዳለብን ትዝ አለው። ባለሱቁ ነፍሱን ይማረውና የሚመሰክር የለም። ልጅቷ ጣቷን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ጉዳዩ ለሚመጣው ቅዳሜ ተቀጥሯል፤ እስከዚያው በሁለቱም ዓለም ዱቤ ተዘግቷል።